የሣር ቅጠል ረቂቅ ገጽታዎች ለዘር ሐረግ ጥናት ያላቸው ፋይዳና ወሰን፦ የጤፍና የዘመዶቹ ማሳያ

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ የሣር ቅጠል የላይ ሽፋን ባሕርያት የሣሮችን የዝግመተ ለውጥ ዝምድና ለመረዳት ምን ያህል እንደሚያገለግሉ ይመረምራል። ትኩረቱ በሁለት ባሕርያት ላይ ነው፤ እነርሱም የሲሊካ አካላት ቅርጽና ባለሁለት ሕዋስ ረቂቅ ጸጉር ናቸው። እንደ ማሳያ የተወሰደው ጤፍ ነው። ጤፍ መጀመሪያ በውጫዊ መልኩ ከሩቅ ዘመዶቹ ጋር ተመድቦ ከቆየ በኋላ ትክክለኛ ቦታው እንዲታወቅ የላይ ሽፋን ባሕርያት አስተዋጽኦ አድርገዋል። ይሁን እንጂ እነዚሁ ባሕርያት ጤፍን ከቅርብ የዱር ዘመዶቹ ለመለየት አይበቁም። ጽሑፉ የዚህን ምክንያት ከተገለጹ ጥናቶች በመነሣት ያብራራል፤ እያንዳንዱ ባሕርይ አስተማማኝ ምስክር የሚሆነው በተለወጠበት የዘር ሐረግ ደረጃ ላይ ብቻ መሆኑንም ያሳያል። በመጨረሻም ለተመሳሳይ ጥናቶች የሚጠቅሙ የአሠራር ጥንቃቄዎች ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሣር፣ ጤፍ፣ የላይ ሽፋን፣ ፋይቶሊት፣ ረቂቅ ጸጉር፣ የዘር ሐረግ

1. መግቢያ

ጣሊያናዊው የዕጽዋት ተመራማሪ ዙካኚ በ1775 ለጤፍ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጥ የመደበው ፖዋ በተባለው የሣር ወገን ውስጥ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምደባው ያለ ምክንያት የተደረገ አልነበረም። የጤፍ ዛላ ብዙ ቅርንጫፎች አሉት፤ በየቅርንጫፉ ላይ የሚገኙት ንኡሳን ዛላዎችም እያንዳንዳቸው በርከት ያሉ አበቦችን ይይዛሉ። የፖዋ ዝርያዎችም በዚህ መልካቸው ከጤፍ ጋር ይመሳሰላሉ። ጤፍ ዛሬ የሚታወቅበትን ኤራግሮስቲስ ቴፍ የተባለ ስም ያገኘው ትሮተር በ1918 ባወጣው ስያሜ ነው።

ይሁን እንጂ የወገን ስሙ መለወጡ ብቻ ጤፍን ከፖዋ ጎረቤትነት አላወጣውም። የኤራግሮስቲስ ወገን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በብዙ የምደባ ሥራዎች ከፖዋና ከፌስቱካ ጋር በአንድ ነገድ ውስጥ ሲቀመጥ ቆይቷል። ሂችኮክ በ1935 ያሳተመው የአሜሪካ ሣሮች መምሪያም ይህንኑ ምደባ ይከተላል። በዚህ ምደባ መሠረት ጤፍ ከሰርዶና ከዳጉሳ ይልቅ ለጓሳ ሣር የቀረበ ዘመድ ሆኖ ይታያል።

ዛሬ የተደረሰበት ዕውቀት ከዚህ የተለየ ነው። የሣር አስተኔ ከ11,000 በላይ ዝርያዎችን ያቀፈ ሲሆን በ12 ንኡሳን አስተኔዎች ይከፈላል። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ሰርዶና ለስፌት ሥራ የሚውለው አክርማ ክሎሪዶይዴ በተባለው ንኡስ አስተኔ ውስጥ ይገኛሉ። እንዲያውም አክርማና ዳጉሳ ኤልዩሲን የተባለውን አንድ ወገን ይጋራሉ። ፖዋ፣ ስንዴ፣ ገብስና ጓሳ ደግሞ ፖዮይዴ በተባለው ንኡስ አስተኔ ይመደባሉ። እነዚህ ሁለት ንኡሳን አስተኔዎች የሚገኙት ከሣር የዘር ሐረግ ሁለት ታላላቅ ቅርንጫፎች በተለያዩት ላይ ነው። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የቀርከሃን፣ የሩዝንና የስንዴን ንኡሳን አስተኔዎች ይይዛል። በሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ ከሌሎች ጋር የጤፍና የማሽላ ንኡሳን አስተኔዎች ይገኛሉ።

የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ማንበብ ከመቻሉ በፊት ይህን ልዩነት ካመለከቱት ማስረጃዎች መካከል የቅጠል የላይ ሽፋን ረቂቅ ባሕርያት ይገኙበታል። ከዚህ በመነሣት ይህ ጽሑፍ የሚመልሰው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ እነዚህ ባሕርያት የጤፍን ታላቅ ቅርንጫፍ በትክክል ካመለከቱ፣ የጤፍን የቅርብ ዘመዶች ለመለየት የማይበቁት ለምንድን ነው? ጥያቄው ከምደባ ጉዳይ ያለፈ ነው። የጤፍን የዱር ዘመዶች ለይቶ ማወቅ፣ ከጥንታዊ አፈር የተገኙ የሣር ቅሪቶችን መተርጎምና የሣርን አስተኔ ዕድሜ መገመት፣ ሁሉም በመልሱ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

2. የሣር ቅጠል የላይ ሽፋን

የሣር ቅጠል የላይ ሽፋን በረድፍ የተደረደሩ ሕዋሳትን የያዘ ነው። ረድፎቹ በቅጠሉ ርዝመት ልክ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በሁለት ዓይነት ቀጠናዎችም ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከቅጠሉ ሥሮች በላይ ያለው ቀጠና ሲሆን ሁለተኛው በሥሮቹ መካከል ያለው ነው። አንድ ባሕርይ በየትኛው ቀጠና ላይ እንደታየ ካልተመዘገበ ከሌላ ዝርያ ጋር የሚደረገው ንጽጽር ትርጉም ያጣል።

በእነዚህ ረድፎች ውስጥ ረጃጅምና አጫጭር ሕዋሳት ይገኛሉ። የብዙ ረጃጅም ሕዋሳት ግድግዳ እንደ ሞገድ የሚታጠፍ ነው። ከአጫጭሮቹ አንዳንዶቹ ቡሽ መሰል ግድግዳ ሲኖራቸው ሌሎቹ በሲሊካ የሚሞሉ ናቸው። ተክሉ በሥሩ ከአፈር የሚስበው ሲሊካ በሕዋሱ ውስጥ እየጠጠረ የሕዋሱን ቅርጽ ይይዛል። ቅጠሉ ሲበሰብስ ወይም ሲቃጠል ይህ ጠጣር አካል በአፈር ውስጥ ይቀራል፤ ፋይቶሊት የሚባለውም እርሱ ነው። ከዚህ ሌላ በላይ ሽፋኑ ላይ የአየር ቀዳዳዎች፣ ጥቃቅን እሾኾች፣ ረጃጅም ጸጉሮች፣ በሕዋሳት ላይ የሚነሡ ጉብታዎችና በሁለት ሕዋሳት ብቻ የተሠሩ ረቂቅ ጸጉሮች ይታያሉ። ረቂቅ ጸጉሮቹ በአብዛኛው ከ100 ማይክሮሜትር አይበልጡም፤ ስለዚህ በዓይን ሊታዩ አይችሉም።

እነዚህ ሁሉ ባሕርያት ለዘር ሐረግ ጥናት እኩል ዋጋ የላቸውም። ለምሳሌ የሣር የአየር ቀዳዳ በሁለት ድምብል መሰል ሕዋሳት የሚከፈትና የሚዘጋ ሲሆን፣ በግራና በቀኙ አንዳንድ ረዳት ሕዋስ አለው። ይህ አሠራር በጤፍም በስንዴም በቀርከሃም ይገኛል። መላው አስተኔ የሚጋራው ባሕርይ በአስተኔው ውስጥ ማን ለማን እንደሚቀርብ ሊናገር አይችልም። የረዳት ሕዋሱ ቅርጽ ግን ከዝርያ ዝርያ ሦስት ማዕዘን፣ ጉልላት መሰል ወይም ጎኖቹ ትይዩ ሊሆን ስለሚችል በንጽጽር ውስጥ ይገባል። ዝምድናን የሚመሰክረው አንድ ቡድን ከቅርብ አባቱ የወረሰው አዲስ ለውጥ እንጂ ማንኛውም መመሳሰል እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

3. የጥናቱ አጭር ታሪክ

የሣር ቅጠልን ሕብረ ሕዋስ ለምደባ የማዋል ሙከራ በ19ኛው መቶ ዓመት የተጀመረ ሲሆን የዱቫል ዡቭ የ1875 ሥራ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የላይ ሽፋንን በስፋትና በሥርዓት ያጠናው ግን ፈረንሳዊው ፕራት ነው። ፕራት በ1932 ስለ ሣሮች የላይ ሽፋን ያሳተመው ሥራና በ1936 ያስከተለው የምደባ ሐሳብ ረቂቅ ባሕርያት ከዛላና ከአበባ ባሕርያት ጎን እንዲቆሙ አድርገዋል። በዚያው ዘመን ሩሲያዊው አቭዱሎቭ በ1931 የሣሮችን ክሮሞሶሞች በመቁጠርና በመለካት ያቀረበው ውጤት በብዙ መልኩ ከላይ ሽፋኑ ማስረጃ ጋር ተስማማ። ከሁለት የተለያዩ የማስረጃ ምንጮች የመጣው ስምምነት በዛላ መልክ ላይ ብቻ የቆመውን አሮጌ ምደባ አናጋው።

ከዚያ በኋላ ሜትካፍ በ1960 የብዙ ወገኖችን የቅጠል አወቃቀር የያዘ ታላቅ መድበል አሳተመ። ኤሊስ በ1979 የላይ ሽፋንን ለመግለጽ አንድ ወጥ የቃላትና የአሠራር ሥርዓት አቀረበ። የዲኤንኤ ማስረጃ ሲመጣም የሣር ዘር ሐረግ የጥናት ቡድን በ2001 ያሳተመው ሥራ የሞለኪውልና የመልክ ባሕርያትን በአንድነት መረመረ። በዚህም የላይ ሽፋን ባሕርያት በሌላ መንገድ በተሠራ የዘር ሐረግ ላይ ተቀምጠው የሚመዘኑበት ዕድል ተከፈተ።

4. ባሕርያቱ በታላላቅ ቅርንጫፎች ደረጃ የሚሰጡት ምስክርነት

4.1 የሲሊካ አካላት

ትዊስና ባልደረቦቹ በ1969 የሣር ፋይቶሊቶችን ቅርጽ ከንኡሳን አስተኔዎች ጋር ያያዘ ምደባ አቀረቡ። ይህ ምደባ ከማሻሻያ ጋር እስከ ዛሬ ድረስ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። በምደባው መሠረት ኮርቻ መሰል ቅርጽ በክሎሪዶይዴ፣ በመካከሉ ቀጥኖ በሁለት ጫፉ የሰፋ ድምብል መሰል ቅርጽና መስቀል መሰል ቅርጽ በፓኒኮይዴ፣ ክብ ወይም ሞላላ ቅርጽ ደግሞ በፖዮይዴ ይበዛሉ።

ይህ ልዩነት በኢትዮጵያ በሚታወቁ ሣሮች ላይ ሲታይ ትርጉሙ ጎልቶ ይወጣል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሰንበሌጥና ሙጃ ፓኒኮይዴ ውስጥ ይመደባሉ፤ የዚህ ንኡስ አስተኔ መለያም ድምብልና መስቀል መሰል ቅርጾች ናቸው። ሰርዶና ዳጉሳ በሚገኙበት በክሎሪዶይዴ የኮርቻው ቅርጽ ጎልቶ ይታያል። ስንዴና ገብስ ደግሞ በክብና በሞላላ ቅርጾች እንዲሁም በጠርዛቸው ሞገድ በሚመስሉ ረዘም ያሉ አካላት ይታወቃሉ። የሩዝ ንኡስ አስተኔም የራሱ መለያ አለው፤ ድምብል መሰሎቹ አካላት እንደ ማሽላ በቅጠሉ ርዝመት ሳይሆን ወርዱን ተከትለው ይቆማሉ።

4.2 ባለሁለት ሕዋስ ረቂቅ ጸጉር

ሁለተኛው ባሕርይ ረቂቅ ጸጉር ነው። በፓኒኮይዴ ጸጉሩ ቀጭንና ረዘም ያለ ሲሆን የላይኛው ሕዋስ ግድግዳ ስስ ነው። በክሎሪዶይዴ ጸጉሩ አጠር ይላል፤ የላይኛው ሕዋስም ብዙውን ጊዜ ክብ ጉልላት ይመስላል። በስንዴ፣ በገብስና በፖዋ ጨርሶ አይገኝም። ታቴኦካና ባልደረቦቹ በ1959 ያሳተሙት ጥናት የዚህን ባሕርይ የምደባ ዋጋ በስፋት ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ የጤፍ ጉዳይ በዚህ ረገድ ግልጽ ይሆናል። የኤራግሮስቲስ ወገን የክሎሪዶይዴ ዓይነት ረቂቅ ጸጉር ሲኖረው ፖዋ የለውም። የዛላ መመሳሰል ሁለቱን ወገኖች በአንድ ነገድ ቢያኖራቸውም፣ ዓይን የማያየው ጸጉር መለያየታቸውን መስክሯል። በ1950ዎቹ ፒልገር ኤራግሮስቲስንና ዘመዶቹን ራሱን በቻለ ንኡስ አስተኔ ሲለይ ከዚህ የማስረጃ ክምችት ጋር የሚስማማ ርምጃ ወስዷል። የኋላው የዲኤንኤ ማስረጃም መለያየቱን አጽንቶታል።

5. ባሕርያቱ የሚያሳስቱባቸው ሁኔታዎች

5.1 ከተለያየ አባት የመጣ መመሳሰል

ከላይ የተገለጸው ሥርዓት ያለ ልዩ ሁኔታ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የሣር ምደባ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ኮርቻ መሰል የሲሊካ አካል የክሎሪዶይዴ ብቻ አይደለም። በቀርከሃዎችና መቃ መሰሉን ሣር በያዘው በፍራግማይቲስ ወገንም ኮርቻ መሰል አካላት ይገኛሉ። ቀርከሃ ከሰርዶ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም፤ የሚገኘውም በስንዴና በሩዝ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ቅርጹ በተለያዩ ቅርንጫፎች ላይ ለየብቻው እንደ ተገኘ መረዳት ያስፈልጋል። የቀርከሃው ኮርቻ አብዛኛውን ጊዜ ከፍታው ከወርዱ የሚበልጥ በመሆኑ ጠንቃቃ ልኬት ሁለቱን ለመለየት ይረዳል።

ሁለተኛው ምሳሌ የስቲፓ ወገን ነው። ስቲፓ የፖዮይዴ አባል ሲሆን ድምብል መሰል አካላትን ያመርታል። ከላይ ብቻ ሲታዩ ከማሽላ ዘመዶች አካላት ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። በጎን ሲታዩ ግን የስቲፓው አካል ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ የሚጠብ ነው። በአንድ አቅጣጫ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ነገሮች በሌላ አቅጣጫ የተለያዩ ሆነው መገኘታቸው፣ ቅርጽን በሁሉም ገጽታው ማየት ግዴታ መሆኑን ያስገነዝባል።

በአንድ ወገን ውስጥ ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም። ኤራግሮስቲስ 400 ገደማ ዝርያዎች ያሉት ሰፊ ወገን ሲሆን ከኮርቻ መሰሉ ቅርጽ ሌላ የፓኒኮይዴን የሚመስሉ ቅርጾች የሚታዩባቸው ዝርያዎችም አሉት። በአጠቃላይ አንድ ዝርያ ብዙ ቅርጾችን ያመርታል፤ አንድ ቅርጽም በብዙ ዝርያዎች ይገኛል። ባርቦኒና ብሬሞንድ በ2009 የምሥራቅ አፍሪካ ሣሮችን ፋይቶሊቶች የሥነ ምደባና የአካባቢ ትርጉም የመዘኑትም ይህን ችግር በአካባቢው ሣሮች ላይ ለመፈተሽ ነው።

5.2 የባሕርይ መጥፋት

ረቂቅ ጸጉር አለመኖሩም ጥንቃቄ የሚሻ ማስረጃ ነው። በስንዴና በፖዋ ላይ ያለመገኘቱ የጥንታዊነት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይችል ነበር። የዘር ሐረጉ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ረቂቅ ጸጉር በአብዛኞቹ ንኡሳን አስተኔዎች፣ ለፖዮይዴ ቅርብ በሆኑት በሩዝና በቀርከሃም ጭምር ይገኛል። ከፖዮይዴ ውስጥ ቀደም ብለው በተለዩት በሊጌየምና በናርዱስ ወገኖችም ይታያል። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ የስንዴና የፖዋ ቅድመ አባት ጸጉሩን ወርሶ ኋላ እንዳጣው ነው። በመሆኑም አለመኖሩ ዝምድናን የሚመሰክረው ባሕርዩ በጠፋበት ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ረቂቅ ጸጉር ስስ ነው፤ በደረቀ ናሙና ላይ ሊሟሽሽ ወይም በዝግጅት ጊዜ ሊረግፍ ይችላል። በአንድ ስላይድ ላይ አለመታየቱ በዝርያው ላይ አለመኖሩን አያረጋግጥም። «አልታየም» እና «የለም» የሚሉት ሁለት መዝገቦች በሠንጠረዥ ውስጥ በአንድ ዜሮ ከተወከሉ፣ ስሕተቱ በቀጥታ ወደ ዘር ሐረጉ ይተላለፋል።

5.3 የአካባቢ ተጽዕኖ

አንዳንዶቹ ረቂቅ ባሕርያት የተክሉን ኑሮ በቀጥታ የሚያገለግሉ ናቸው። ሰርዶን ጨምሮ በበርካታ የክሎሪዶይዴ ሣሮች ላይ ረቂቁ ጸጉር ትርፍ ጨውን ከቅጠሉ የሚያስወጣ ዕጢ ሆኖ ይሠራል። ጨዋማ አፈርን በሚቋቋሙ የስፖሮቦለስ ዝርያዎችም ይኸው ተግባር ይታያል። እንዲህ ያለ ባሕርይ በአካባቢ ግፊት ሊጠናከር ወይም ሊዳከም ስለሚችል፣ የጸጉሩ ብዛት ብቻውን ለዝምድና ማስረጃነት አይበቃም። የሲሊካው ክምችትም ተክሉ በሚያገኘው ውኃ፣ በአፈሩ ዓይነትና በቅጠሉ ዕድሜ ይለያያል። የቅርጹ ዓይነት ከብዛቱ ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ ንጽጽርም በዓይነቱ ላይ ቢመሠረት ይመረጣል።

6. ጤፍና የቅርብ ዘመዶቹ

የጤፍ የዱር ቅድመ አባት እንደሆነ በሰፊው የሚታመነው ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ ነው። ሁለቱም 40 ክሮሞሶሞች ያሏቸው ሲሆን በመልክ እጅግ ይቀራረባሉ። ገበሬው የሚያስተውለው ዋናው ልዩነት የፒሎሳ ዘር ሲደርስ መርገፉ፣ የጤፍ ዘር ግን እስከ አጨዳና ውቂያ በዛላው ላይ መቆየቱ ነው።

ሁለቱ ዝርያዎች በኮርቻ መሰል አካላትም ሆነ በረቂቅ ጸጉር ዓይነት አንድ መለያ ይጋራሉ። ይህም የሚጠበቅ ነው። እነዚህ ባሕርያት የተለወጡት የክሎሪዶይዴ ቅድመ አባት ከሌሎች ሣሮች በተለየበት ሩቅ ዘመን ሲሆን፣ ጤፍ ከዱር ዘመዱ የተለየው ግን በሰው እጅ ከለመደበት ጊዜ ወዲህ ነው። የሩቁን ዘመን ልዩነት የመዘገበ ባሕርይ የቅርቡን ዘመን ልዩነት እንዲመዘግብ አይጠበቅም። በመግቢያው ለተነሣው ጥያቄ የሚሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ ጉድለቱ በባሕርዩ ላይ ሳይሆን ባሕርዩ በማይመለከተው ደረጃ ላይ መጠየቁ ነው።

በዝርያ ደረጃ ለሚደረግ ንጽጽር ሌሎች ረቂቅ ገጽታዎች የተሻለ ተስፋ ይሰጣሉ። እንደ ኤራግሮስቲስ ሲሊያኔንሲስ ባሉ ዝርያዎች የቅጠል ጠርዝና የአበባ ሽፋን ላይ የሚታዩት ጎድጓዳ ዕጢዎች ዝርያዎችን ለመለየት ያገለግላሉ። የዘሩ ገጽም መረጃ ይይዛል። ክራይቺትዝ፣ ታደለና ጎላ በ2009 ባሳተሙት ጥናት በኤራግሮስቲስ ዘር ገጽ ላይ ውኃ ሲነካቸው የሚያዝለገልግ ንጥረ ነገር የሚያወጡ ሕዋሳት እንዳሉ ገልጸዋል። እነዚህ ሕዋሳት በዘሩ ዙሪያ እርጥበት በመያዝ ለመብቀል ይረዳሉ። ጥቅማቸው ከመብቀል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ግን በ5.3 የተነሣው ጥንቃቄ እነርሱንም ይመለከታል።

የመጨረሻውን ፍርድ በዚህ ደረጃ የሰጠው ዲኤንኤ ነው። ኢንግራምና ዶይል በ2003 አንድ የኒውክለስና አንድ የክሎሮፕላስት ዘረ መል በማነጻጸር ጤፍ ከፒሎሳ የመነጨ መሆኑን የሚደግፍ ማስረጃ አቅርበዋል። የቫንቡረንና የባልደረቦቹ የ2020 ጥናት ደግሞ የጤፍን ጂኖም ሁለት ንኡሳን ጂኖሞች በዝርዝር አሳይቷል። ጤፍ ከሁለት ምንጮች የተገኙ የክሮሞሶም ስብስቦችን ስለሚይዝ ታሪኩ በአንድ ቀጥተኛ የዘር መስመር አይጠቃለልም። በቅጠሉ ላይ የሚታይ አንድ ባሕርይ ከየትኛው ወገን እንደተወረሰ በማይክሮስኮፕ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

7. ከአፈርና ከድንጋይ የሚነበብ ታሪክ

ፋይቶሊት በአፈር ውስጥ ረጅም ዘመን ስለሚቆይ ለጥንታዊ የእርሻ ታሪክ ጥናት ተፈላጊ ነው። በአክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎች የጤፍ ዘሮች ተገኝተዋል፤ በዘር ላይ የተመሠረተ ማስረጃም እስከ ዝርያ ሊያደርስ ይችላል። ከጥንታዊ አፈር የተገኘ ኮርቻ መሰል ፋይቶሊት ግን ጤፍ በዚያ ቦታ ይዘራ እንደነበር አያረጋግጥም። ቅንጣቷ ከጤፍ፣ ከዳጉሳ፣ በግጦሽ መሬት ላይ ከሚበቅል ሰርዶ ወይም ለስፌት ከመጣ አክርማ የተገኘች ልትሆን ትችላለች። የእርሻን ታሪክ ከግጦሽ ታሪክ ጋር የማምታታት አደጋ የሚመጣው የንኡስ አስተኔን ምስክር እንደ ዝርያ ምስክር ከመቀበል ነው።

የደረጃው ጉዳይ በሚሊዮን ዓመታት በሚቆጠር ታሪክም ላይ ለውጥ ያመጣል። ፕራሳድና ባልደረቦቹ በ2005 በማዕከላዊ ሕንድ ከተገኘ፣ ወደ ድንጋይነት ከተለወጠ የዳይኖሰር ፍግ ውስጥ የሣር ፋይቶሊቶችን ለይተዋል። ግኝቱ ሣሮች ዳይኖሰሮች ከመጥፋታቸው በፊት በተለያዩ ቅርንጫፎች ተከፋፍለው እንደነበር አመልክቷል። ክሪስቲንና ባልደረቦቹ በ2014 ባደረጉት ስሌት፣ እነዚህ ረቂቅ ቅሪቶች ሲቀሩ ሁለቱ ታላላቅ የሣር ቅርንጫፎች የተለያዩት ከ51 እስከ 55 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ሆኖ ይገመታል። ቅሪቶቹ ሲጨመሩ ግምቱ ወደ 74 እና 82 ሚሊዮን ዓመታት መካከል ይሸጋገራል። ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በላይ የሚሆን ልዩነት የተንጠለጠለው በጥቃቅን የሲሊካ አካላት ቅርጽ አተረጓጎም ላይ ነው። አንድ ቅርጽ በተለያዩ ቅርንጫፎች ለየብቻው ሊገኝ መቻሉ እዚህ ላይ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

8. ለቀጣይ ጥናቶች የሚጠቅሙ ጥንቃቄዎች

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች የሚከተሉት የአሠራር ምክሮች ይመነጫሉ።

ሀ. ናሙናው ከቅጠሉ ከአንድ ቦታ፣ በተለይም ከመካከሉ ይወሰድ፤ ቅጠሉ ከግንዱ ላይ የቆመበት ቦታና የተክሉ ዕድሜም ይመዝገብ።

ለ. ከአንድ ዝርያ አንድ ተክል ብቻ ሳይሆን ከተለያዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ በርካታ ተክሎች ይታዩ። ይህ ካልሆነ የአካባቢ ልዩነት የዝርያ ልዩነት መስሎ ሊቀርብ ይችላል።

ሐ. የቅጠሉ የላይና የታች ገጽ፣ እንዲሁም በሥር ላይና በሥሮች መካከል ያሉት ቀጠናዎች ለየብቻ ይመዝገቡ።

መ. የሲሊካ አካላት በላይ ሽፋኑ ላይ ባሉበት ቦታም፣ ከቅጠሉ ተለይተው እየተገለባበጡም ይታዩ። የመጀመሪያው አቀማመጣቸውን ሲያሳይ ሁለተኛው ሙሉ ቅርጻቸውን ያሳያል።

ሠ. ረቂቅ ጸጉር ካልታየ ከሌላ ናሙና፣ በተቻለ መጠንም ከትኩስ ቅጠል በድጋሚ ይፈለግ።

ረ. ማንኛውም ስላይድና ፎቶግራፍ በሄርባሪየም ከተቀመጠ የተክል ናሙና ጋር ይያያዝ። የዝርያው ስም ኋላ ቢታረም ልኬቱ ዋጋ የሚኖረው ናሙናው ተመልሶ ሊታይ ሲችል ነው።

ሰ. የተገኙት ባሕርያት ከዲኤንኤ በተሠራ የዘር ሐረግ ላይ ተቀምጠው የት እንደተገኙ፣ የት እንደጠፉና ስንት ጊዜ ለየብቻቸው እንደተከሰቱ ይመርመር።

ለእንዲህ ያለ ሥራ በኢትዮጵያ መሠረቱ አለ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕጽዋት መድበል 7ኛ ቅጽ በ1995 የታተመ ሲሆን፣ በሲልቪያ ፊሊፕስ የተዘጋጀ ሙሉ በሙሉ ስለ ሣሮች የሚናገር ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየምም የአገሪቱን የዕጽዋት ናሙናዎች ይዟል። ከእነዚህ በመነሣት የጤፍ ወገን የሆኑ የኢትዮጵያ ዝርያዎችን የቅጠል፣ የዕጢና የዘር ገጽ በአንድ ወጥ ሥርዓት የሚያነጻጽር የምስል መዝገብ ማዘጋጀት ይቻላል። መዝገቡ ለዕጽዋት መዳቢው፣ ለዘር አሻሻዩና ለአርኪዮሎጂ ባለሙያው የጋራ መመሳከሪያ ይሆናል።

9. ማጠቃለያ

የሣር ቅጠል ረቂቅ ገጽታዎች በዛላ መልክ የተሸፈነ ዝምድናን በመግለጥ ረገድ ያደረጉት አስተዋጽኦ በጤፍ ታሪክ ላይ በግልጽ ይታያል። ጤፍን ከፖዋ ጎረቤትነት አውጥተው ወደ ሰርዶና ወደ ዳጉሳ ወገን ካመለከቱት ማስረጃዎች መካከል ናቸው። ነገር ግን ኮርቻ መሰል ቅርጽ በቀርከሃም ይገኛል፤ ረቂቅ ጸጉርም ከተገኘ በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ስለሆነም የአንድ ባሕርይ ምስክርነት የሚመዘነው በየትኛው የዘር ሐረግ ደረጃ ላይ እንደተለወጠ ከታወቀ በኋላ ነው። የሲሊካ አካላትና ረቂቅ ጸጉር ስለ ንኡስ አስተኔ ሲጠየቁ ጠንካራ ምስክሮች ናቸው፤ ጤፍንና ፒሎሳን ስለ መለየት ሲጠየቁ ግን ቦታውን ለዘር ገጽ፣ ለዕጢዎችና ከሁሉም በላይ ለዲኤንኤ መልቀቅ ይኖርባቸዋል። ይህን ድንበር የጠበቀ ጥናት ከአንዲት የሲሊካ ቅንጣት ሊወጣ የሚችለውን ያህል ዕውቀት ያወጣል፤ ቅንጣቷ የማትችለውንም አያሸክማትም።